የስንዴ ማሳና የሒሳብ መዝገብ፦ ሥነ ጥበብን በማስተዋል ስለ ዘላቂነት ማስተማር

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። የንግድ ሥራ አመራር የሚማር ወጣት ሥዕል ፊት ቆሞ ምን ይማራል? ሥዕል ለሠዓሊ፣ ሒሳብ ለሒሳብ ዐዋቂ ይተው ቢባል የሚቃወም ብዙ አይኖርም። እኔ ግን የዘላቂነትን ትምህርት ለንግድ ሥራ ተማሪዎች ሳስተምር የደረስሁበትን አንድ ሐሳብ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ተማሪዎቻችን ስለ ዘላቂነት የሚጎድላቸው መረጃ ሳይሆን ማስተዋል ነው። ማስተዋል በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው፤ ለዚህ ልምምድም ሥነ ጥበብን የሚያህል ማስተማሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

በመጀመሪያ ችግሩን ላስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ1987 በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ሊቀ መንበርነት የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን፣ ዘላቂ ልማት ማለት የመጪው ትውልድ ፍላጎቱን የማሟላት ዐቅም ሳይጎዳ የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን የሚያሟላበት ልማት ነው ሲል ፈታው። ይህን ፍቺ ያልሰማ ተማሪ በክፍላችን የለም፤ በፈተና ቢጠየቅ አሳምሮ ይጽፈዋል። በማግሥቱ የአንድ ቆዳ ፋብሪካ የአዋጭነት ጥናት ስንሰጠው ግን፣ ከፋብሪካው በታች በወንዙ ውኃ አትክልቱን የሚያጠጣው ገበሬ በስሌቱ ውስጥ አይገኝም። ተማሪው ክፉ ሆኖ አይደለም። የተሰጠው ሠንጠረዥ ለገበሬው ዐምድ የለውም፤ ዐምድ የሌለው ነገር ደግሞ ከጊዜ ብዛት ለዐይንም ይሰወራል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ ሥነ ጥበብ ባሳተመው መጽሐፉ በሁለት ነገሮች መካከል ልዩነት አድርጓል። አንደኛው ለይቶ ማወቅ ነው፤ ነገሩን አይተን ስሙን ጠርተን የምናልፍበት። ሁለተኛው ማስተዋል ነው፤ ስሙን ከጠራን በኋላም ዐይናችንን ሳናነሣ የምንቆይበት። የንግድ ሥራ ትምህርት በአመዛኙ የመጀመሪያውን ያሠለጥናል። ተማሪው ነገሩን በፍጥነት ለይቶ በየመደቡ እንዲያስቀምጥ ይማራል፦ ይህ ወጪ ነው፣ ይህ ገቢ ነው፣ ይህ ደግሞ አይመለከተንም። ፍጥነቱ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን «አይመለከተንም» የሚለው ፍርድ ከማስተዋል በፊት ሲሰጥ አደጋው ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ላጥራ። ሥነ ጥበብን ማድነቅ ስል ማሞገስ ማለቴ አይደለም። ተማሪው ሥዕሉን ላይወደው ይችላል። የምጠይቀው እንዲያስተውለው፣ ያየውን በቃላት እንዲያስቀምጥ፣ ፍርዱንም እስኪያይ ድረስ እንዲያቆይ ነው።

ይህ ችሎታ ከሥዕል ወደ ሌላ ሙያ ሊሻገር እንደሚችል አስቀድመው ያሳዩን ሐኪሞች ናቸው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች በሙዚየም ውስጥ ሥዕሎችን በዝርዝር እንዲገልጹ ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ በዚህ መንገድ የሠለጠኑት ተማሪዎች የሕሙማንን ፎቶግራፍ ተመልክተው የሚታየውን ምልክት በመግለጽ ካልሠለጠኑት በልጠው ተገኝተዋል። ሐኪም ያላየውን በሽታ ሊያክም አይችልም። የድርጅት መሪም ያላየውን ጉዳት ሊከላከል አይችልም።

በክፍል ውስጥ የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው። አቢጌል ሃውሰን እና ፊሊፕ የናዋይን የተባሉ ባለሙያዎች ለሙዚየም ትምህርት ካዘጋጁት ዘዴ ሦስት ጥያቄዎችን እዋሳለሁ፦ በዚህ ሥዕል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ይህን እንድትሉ ያደረጋችሁ ምን አይታችሁ ነው? ሌላስ ምን እናገኛለን? ሁለተኛው ጥያቄ የኦዲተር ጥያቄ መሆኑን ልብ በሉ፤ ማስረጃህን አሳየኝ ይላል። ሦስተኛው ግን ኦዲተር ብዙ ጊዜ የማይጠይቀው ነው፤ ማስረጃው በቂ በመሰለን ሰዓት እንኳን እንደገና እንድንመለከት ያስገድዳል። እኔ የምጨምረው አራተኛ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሥዕል የሒሳብ መዝገብ ቢሆን ኖሮ፣ ከምናየው ውስጥ የትኛው ይመዘገብ ነበር?

ይህን በሦስት ሥራዎች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ፍራንሷ ሚሌ እ.ኤ.አ. በ1857 ለሕዝብ ያቀረበውና ዛሬ በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም የሚገኘው «ቃራሚዎቹ» ነው። ሦስት ሴቶች በታጨደ ማሳ ላይ ይታያሉ። ሁለቱ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ ብለው የወደቀ ዛላ ይለቅማሉ፤ ሦስተኛዋ በከፊል ቀና ብላለች። ከኋላቸው በሩቅ፣ በብርሃን ውስጥ፣ የተትረፈረፈ አዝመራ አለ፦ ትልልቅ ክምር፣ ነዶ የተጫነበት ጋሪ፣ ብዙ አጫጆች። በስተቀኝ በኩል ደግሞ ፈረስ ላይ የተቀመጠ አንድ ተቆጣጣሪ በጭላንጭል ይታያል።

በመጀመሪያው ደቂቃ የሚሰጠው መልስ ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ድሆች ሴቶች እህል ይለቅማሉ።» ለይቶ ማወቅ ይህ ነው። ሃያ ደቂቃ ስንቆይ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። አንዱ ፈረሰኛውን ያገኘዋል። ሌላዋ የሴቶቹ አካል ከሞላ ጎደል ከአድማሱ መስመር በታች ታጥሮ መቅረቱን ታስተውላለች። ሌላው በኋላ ያለው ክምርና በሴቶቹ እጅ ያለው ጭብጥ ያው አንድ እህል መሆኑን ይናገራል። ከዚያ አራተኛውን ጥያቄ አነሣለሁ። ይህ እርሻ የዓመቱን ሒሳብ ቢዘጋ፣ ክምሩ በገቢ፣ የአጫጆቹ ደመወዝ በወጪ፣ ፈረሰኛውም በአስተዳደር ወጪ ይመዘገባሉ። የሥዕሉን የፊት ገጽ በሙሉ የያዙት ሦስቱ ሴቶች ግን በየትኛውም ገጽ ላይ አይገኙም።

ይህ ሥዕል ለእኛ ተማሪ ከፈረንሳዊው ተማሪ ይልቅ ቅርብ ሊሆን ይችላል፤ ቃርሚያ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገንምና። ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችበትን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ ብዙ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያንም ባለ እርሻው ማሳውን እስከ ዳር አሟጦ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውን ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል። ይህን ትእዛዝ በምጽዋትነት ብቻ ማንበብ አይበቃም። ትእዛዙ ከማሳው ውስጥ ከመነሻው የባለቤቱ ያልሆነ ድርሻ አለ ይላል። ዛሬ በዘላቂነት ትምህርት የባለድርሻ አካላት መብት እያልን በብዙ ገጽ የምናብራራውን በአንድ የእርሻ ዳር አስቀምጦታል።

ከዚሁ ሥዕል ሳንለይ ስለ መጠን እንነጋገር። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ከህዳሴው ዘመን ጀምሮ የተከተሉት የርቀት ሕግ፣ ቅርብ ያለውን አተልቆ ሩቅ ያለውን አሳንሶ ይሥላል። ሚሌ ይህንኑ ሕግ ተጠቅሞ ባለ ሥልጣኑን በሩቅ አሳነሰው፤ ቃራሚዎቹን አቅርቦ አገዘፋቸው። የሀገራችን ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ በሌላ ሕግ ይሄዳል፤ የአንድ አካል መጠን በርቀቱ ሳይሆን በክብሩ ይወሰናል። እንግዲህ ማን ትልቅ፣ ማን ትንሽ ሆኖ ይታይ የሚለው ጉዳይ ከተፈጥሮ የመጣ ግዴታ አይደለም። የሠዓሊው ውሳኔ ነው።

የእኛም ሙያ የራሱ የርቀት ሕግ አለው፤ ዲስካውንት ሬት የምንለው የቅናሽ ምጣኔ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ የሚደርስ የ1,000,000 ብር ጉዳት በዓመት 10 በመቶ ምጣኔ ቢሰላ፣ የዛሬ ዋጋው 8,500 ብር ገደማ ብቻ ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ለብዙ ውሳኔም ያስፈልገናል። ነገር ግን የሩቁን ተራራ በአውራ ጣት ልክ የሣለ ሠዓሊ፣ ተራራው በእርግጥ የአውራ ጣት ያህል ነው ብሎ አያምንም። የእኛ ተማሪ ግን 8,500 ብር የሚለውን ቁጥር ሲያይ ጉዳቱ በእርግጥ ትንሽ ነው ብሎ ያምናል። ከ50 ዓመት በኋላ በዚያ መሬት ላይ የሚኖረው ሰው ለራሱ ሩቅ አይደለም፤ ሩቅ የሆነው ለእኛ ነው። የርቀትን ሕግ በሥዕል ላይ የተረዳ ተማሪ፣ የቅናሽ ምጣኔን ሲመርጥ ከየት ቆሜ ነው የማየው ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።

ይህ ጥያቄ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ አዲስ አበባ በከባድ ዋጋ ተምራለች። ቃርሚያ ዛሬ ከእርሻ ወጥቶ ወደ ቆሻሻ ክምር ገብቷል። ከተማዪቱ ለአሥርተ ዓመታት ቆሻሻዋን ስትደፋበት በኖረችው ቆሼ፣ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ፤ በአጠገቡም ቤት ሠርተው የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። እያንዳንዱ ካርቶን፣ እያንዳንዱ ላስቲክ ከመጣሉ በፊት በአንድ ድርጅት መዝገብ ላይ የማሸጊያ ወጪ ተብሎ የሰፈረ ነበር። ከተሸጠ በኋላ ግን ከመዝገቡ ወጣ። ከመዝገብ መውጣት ከምድር መውጣት አለመሆኑን የሚያስተምር ሒሳብ እስካላስተማርን ድረስ ትምህርታችን ጎዶሎ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ሌላ የስንዴ ማሳ ነው፤ በሥዕል ሸራ ላይ ሳይሆን በእውነተኛ አፈር ላይ የተዘራ። እ.ኤ.አ. በ1982 አግነስ ዴነስ የተባለች ሠዓሊት በኒው ዮርክ ማንሃታን ደቡባዊ ጫፍ፣ ከዎል ስትሪት አቅራቢያ፣ ለዓለም ንግድ ማእከል ሕንፃዎች ግንባታ ከተቆፈረ አፈር በተሞላ ባዶ መሬት ላይ ሁለት ኤከር ስንዴ ዘራች። በእኛ ልኬት ሦስት ጥማድ ገደማ ነው። 200 የጭነት መኪና አፈር ተራገፈ፤ 285 ፈር በእጅ ወጣ፤ ዘሩም በእጅ ተዘራ። በነሐሴ ወር አጋማሽ ሲታጨድ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ስንዴ ተገኘ። የመሬቱ ዋጋ ግን በጊዜው 4.5 ቢሊዮን ዶላር ይገመት ነበር።

ይህን በክፍል ሳቀርብ ከገበሬ ቤተሰብ የመጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ስሌት ነው። አራት ተኩል ኩንታል ከሦስት ጥማድ! «ይህ ምን ምርት ይባላል?» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ከዚያ የፋይናንስ ተማሪው ይቀጥላል፦ በ4.5 ቢሊዮን ዶላር መሬት ላይ ስንዴ መዝራት ሀብት ማባከን ነው። እኔ አልቃወምም። ወደ ፎቶግራፉ እንመለሳለን። ወርቃማው አዝመራ ከፊት፣ መንትዮቹ ሕንፃዎች ከኋላ። ምን እየሆነ ነው? ሌላስ ምን እናገኛለን? ቀስ በቀስ ውይይቱ ይዞራል። ስንዴውን ርካሽ፣ መሬቱን ውድ ያደረገው ምንድን ነው? በሕንፃዎቹ ውስጥ የእህል ዋጋ የሚወስነው ሰው እህል ሲበቅል አይቶ ያውቃል? ዋጋ ብዙ ነገር ያውቃል፤ ነገር ግን የሚያውቀው የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ያቀረበለትን ብቻ ነው። የሚራበው ሰው ገንዘብ ከሌለው፣ ያልተወለደው ልጅም ገበያ ካልወጣ፣ ዋጋ ስለ እነርሱ ምንም አልሰማም። ዴነስ ያቀረበችልን የተሻለ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ አይደለም። ሁለት የዋጋ ሚዛኖችን በአንድ መሬት ላይ አቁማ እንድናነጻጽር አደረገችን።

ሦስተኛው ሥራ ከቤታችን ነው። በአዲስ አበባ ተወልዶ በዚሁ ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው ኤልያስ ስሜ፣ «ታይትሮፕ» በሚል ርእስ ተከታታይ ሥራዎችን ሠርቷል፤ ቃሉ በአየር ላይ የተወጠረ፣ ሰው ሚዛኑን ጠብቆ የሚራመድበትን ገመድ ያመለክታል። ሥራዎቹ የተሠሩት ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ነው፦ ከተጎነጎነ ሽቦ፣ ከኮምፒውተር ቦርድ፣ ከቁልፍ ሰሌዳ ፊደላት። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ መልክዐ ምድር ይመስላሉ፤ እርሻ፣ መንገድ፣ ወንዝ። ሲቀርቧቸው መልክዐ ምድሩ ጠፍቶ እያንዳንዱ ሽቦ ይታያል፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰው ጣት የነካው ዕቃ።

ከዚህ ሥራ የምወስደው ትምህርት የመቅረብና የመራቅ ነው። የድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ከሩቅ የተወሰደ ሥዕል ነው። «የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ተወግደዋል» የምትል አንዲት መስመር ትበቃዋለች። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ግን «ተወግደዋል» የሚለው ቃል ምን ያህል ሰው፣ ምን ያህል እጅ፣ ምን ያህል ሙያ እንደሚሸፍን ያውቃል። በዚያ አሮጌ ነገር ተፈትቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። ስለ ክብ ኢኮኖሚ ከውጭ መጻሕፍት የምናስተምረው ተማሪ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ምድጃ ወይም ማንቆርቆሪያ የዚያ ኢኮኖሚ ውጤት መሆኑን ላያስተውል ይችላል። ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር መሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በመካኒሳ የተከፈተው ዞማ ሙዚየምም በጭቃና በጭድ፣ በነባሩ የአሠራር ጥበብ የተገነባ ነው። የግንባታ ወጪን የሚያጠና ተማሪ በዚያ ግድግዳ ፊት ግማሽ ቀን ቢቆይ፣ «ዘመናዊ» የሚለውን ቃል ያለ ጥያቄ አይጠቀምበትም።

አሁን ከሥዕል ወደ መዝገብ እንመለስ፤ ልምምዱ የሚፈተነው እዚያ ነውና። በትምህርቱ መጨረሻ ለተማሪዎቼ የአንድ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት እሰጣቸውና እንደ ሥዕል እንዲያነቡት አደርጋለሁ። ከፊት የተቀመጠው ማን ነው? በሩቅ ያነሰው ማን ነው? ከክፈፉ ውጭ የቀረውስ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በሙያችን የታወቀ ስም አለው፤ የሪፖርት ወሰን እንለዋለን። የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል የአንድን ድርጅት ልቀት በሦስት ይከፍላል፦ ራሱ በቀጥታ የሚለቀው፣ ለሚገዛው ኤሌክትሪክና መሰል ኃይል ሲባል የሚለቀቀው፣ እንዲሁም በአቅርቦት ሰንሰለቱና በሸጠው ምርት አጠቃቀም የሚለቀቀው። ሦስተኛው ለብዙ ድርጅቶች ከሁሉ ትልቁ ነው፤ ለመለካትም ከሁሉ አስቸጋሪው እርሱ ነው። ሚሌን አስተውሎ ያየ ተማሪ ሦስተኛው ክፍል ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅም። ቃራሚዎቹ የት እንዳሉ ራሱ ይፈልጋል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርቡብኛል፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው «ይህ ስሜት ነው፤ እኛ የሚያስፈልገን ቁጥር ነው» የሚል ነው። ቁጥር እንደሚያስፈልገን እስማማለሁ። ሥዕል ወንዙ ውስጥ ያለውን ክሮሚየም አይለካም። ነገር ግን ማንም ሰው መለኪያውን ይዞ ወደ ወንዙ ከመውረዱ በፊት ወንዙ መኖሩን ማየት አለበት። ማስተዋል የልኬት ተቀናቃኝ አይደለም፤ ምን እንደሚለካ የሚወስን ቀዳሚው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሥነ ጥበብ ራሱ መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ የለንደኑን ቴት ሙዚየም ለ26 ዓመታት ስፖንሰር አድርጎ ነበር፤ ሠዓሊዎችና ተሟጋቾች፣ ኩባንያው በሙዚየሙ ክብር ስሙን ያጥባል ብለው ለዓመታት በሙዚየሙ አዳራሾች ውስጥ ተቃውሞ ካሰሙ በኋላ ስፖንሰርነቱ እ.ኤ.አ. በ2017 አበቃ። ስለዚህ ተማሪዎቼን ሙዚየም ስወስድ ከሥዕሉ ጎን ያለውን የለጋሾች ስም ዝርዝርም እንዲያነቡ እነግራቸዋለሁ። ቢሮውን በውብ ሥዕል ያስጌጠ መሪ ሁሉ አስተዋይ አይደለም፤ ሥዕልን መውደድ ከኃላፊነት ነጻ አያወጣም። የማስተምረው የማየት ልማድ ሥዕሉን የሰቀለውን ድርጅት ጭምር ካልመረመረ የተሟላ አይደለም።

ለሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አዲስ ኮርስ አልጠይቅም። በሒሳብ አያያዝ፣ በፋይናንስና በአቅርቦት ሰንሰለት ኮርሶች ውስጥ አንድ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ሥራ፣ ሙሉ ሰዓት ሳይቸኩሉ መመልከት፤ ከዚያም በዚያው ሳምንት ያንኑ የመመልከት ልምድ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ መፈተሽ። ምዘናውም ቀላል ነው። ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንትና በመጨረሻው ሳምንት ያንኑ አንድ የድርጅት ሪፖርት ያንብብ፤ በሁለተኛው ንባብ ያገኛቸውን፣ በመጀመሪያው ያላያቸውን ሰዎችና ቦታዎች በዝርዝር ይጻፍ። ዝርዝሩ ካልረዘመ ትምህርቴ አልሠራም ማለት ነው፤ ልትተዉት ትችላላችሁ።

ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብድር ታጸድቃላችሁ፤ ፋብሪካ የሚተከልበትን ቦታ ትመርጣላችሁ፤ በሒሳብ መግለጫ ግርጌ ትፈርማላችሁ። በዚያ ሰዓት የሚቀርብላችሁ ወረቀት ንጹሕ፣ ድምሩም የተስተካከለ ይሆናል። ከመፈረማችሁ በፊት ጥቂት ቆዩበት፤ ፈረሰኛውንና ክምሩን ካያችሁ በኋላም ጎንበስ ያሉትን ፈልጓቸው።